ደብረ ብርሃን ሜዳው፣ አንኮበር ገደሉ

(ድምፅ፦ ውሃ ወደ ባዶ ጀሪካን ይንቆረቆራል፤ እስኪሞላ ድረስ ይቆያል።)

ይህን ድምፅ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ቦኖ ላይ ወረፋው የደረሰው ሰው ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ደቅኖ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ ያዞራል። ስለ ብርዱ ያወራል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፣ የማን ሰርግ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ጀሪካኑን ዞር ብሎም አያየው። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ማን ነገረው?

ጆሮው ነዋ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ውሃው ከፍ እያለ ሲመጣ እየቀጠነ ሄደ። ልብ በሉ፣ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ያው ነው፤ ጩኸቱም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የተለወጠው ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ያ ባዶ ቦታ ከውሃው ጩኸት መካከል የሚስማማውን መርጦ ያጎላል፤ ቦታው ሲጠብ ምርጫውም ወደ ቀጭኑ ይሸሻል። ብዙ ድምፅ ተቀብሎ ከፊሉን የሚያሳልፍ፣ ከፊሉን የሚያስቀር፣ አንዳንዱንም የሚያጎላ ነገር በድምፅ ሙያ ማጣሪያ ይባላል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን «ፊልተር» ሲባል ነው የምትሰሙት።

የዛሬው ዝግጅታችን በኮምፒውተርና በስልክ ሙዚቃ ለምትሠሩ ነው። በምትከፍቱት ሲንተሳይዘር ሶፍትዌር ሁሉ ላይ ከሞላ ጎደል የዚህ ማጣሪያ ማዞሪያ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ግን አትነኩትም። ሶፍትዌሩ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን ድምፅ ትመርጣላችሁ፣ ትጫወታላችሁ፣ አለቀ። ለዚህም ነው በአንድ ሰሞን የሚወጡ አሥር ዘፈኖች አንድ ኪቦርድ ተበዳድረው የተሠሩ የሚመስሉት። ይህ የኔ ቅሬታ ነው፤ እንቀጥል።

ወደ ማዞሪያው ከመሄዳችን በፊት ስለ ድምፅ አንድ ነገር እንስማማ። የክራር ክር ስትመቱ የምትሰሙት አንድ ድምፅ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ክሩ በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ማለትም ድግግሞሹ 110 ኸርዝ ከሆነ፣ ከሱ ጋር 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚቀጥሉ ብዜቶቹ አብረው ይሰማሉ። ባለሙያዎች ሃርሞኒክ ይሏቸዋል። ጆሮ አይቆጥራቸውም፤ ጠቅልሎ «ክራር ነው» ይላል።

የነዚህ ብዜቶች መጠን ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። በገናን ውሰዱ። ክሮቹ ድልድዩን በሚነኩበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ክሩ እነሱን እየነካ ሲርገበገብ ያ የምናውቀው ንዝር የሚል ድምፅ ይወጣል። ንዝሩ ማለት ብዜት በብዜት የሆነ ድምፅ ማለት ነው። ዋሽንት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ለስለስ ብሎ ሲነፋ ዋናው ድምፅ ጎልቶ ብዜቶቹ ጥቂትና ደካማ ናቸው። ስለዚህ በገናን በማጣሪያ ብታሳልፉት ብዙ መልክ ይሰጣችኋል፤ ዋሽንቱን ብታሳልፉት ወይ ያው ዋሽንት ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ይጠፋል። ወንፊት ዱቄት አይፈጭም። ከላይ ያልገባ ነገር ከሥር አይወጣም።

ሲንተሳይዘር ላይም የመጀመሪያው ሥራ ዱቄቱን መምረጥ ነው። በብዜት የታጨቀው የመጋዝ ጥርስ ሞገድ የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው በስክሪን ላይ ከሚታየው መልኩ ነው። ስሙት።

(ድምፅ፦ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ፣ 110 ኸርዝ፣ ያለ ማጣሪያ፤ 6 ሰከንድ።)

ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። ሁሉም ነገር ውስጡ ስላለ ግን ለእኛ ጥሩ ነው።

አሁን ማጣሪያውን እናብራ። በየሶፍትዌሩ ብዙ ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙበት ሎ ፓስ የሚባለው ነው። ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ያስቀራል። ማጣሪያውን ስትከፍቱ በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይታያል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ ሒሳብ መስሎት ይሸሻል። እኔ ግን የአገሬን መንገድ ነው የማየው።

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ወደ አንኮበር ስትሄዱ ጉዞው ወደ ምሥራቅ ነው፤ በካርታ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ማለት ነው። መጀመሪያ ከፍታው ብዙም የማይለዋወጥ ደጋ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ በግ፣ የድንጋይ አጥር። አንኮበር ስትደርሱ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ በአልዩ አምባ በኩል ቁልቁል እየወረደ ወደ አፋር ቆላ ይዘልቃል። የሎ ፓስ ማጣሪያ ሥዕል ይኸው ነው። ሜዳው ላይ ያለው ድግግሞሽ እንዳለ ያልፋል፤ ከገደሉ ወዲያ ያለው እየሰመጠ ይሄዳል። ካትኦፍ የሚባለው ማዞሪያ የገደሉን ጫፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፋ ነው።

ቁጥር እንስጠው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ይባላል፤ ላይኛው ጫፍ በዕድሜ እየቀነሰ ይመጣል። ካትኦፉ 20,000 ላይ ከሆነ ገደሉ ከጆሯችን ውጭ ስለሆነ ሁሉም ያልፋል። ወደ 800 ኸርዝ ብታወርዱት የቅድሙ 110 ኸርዝ ድምፅ እስከ ሰባተኛው ብዜት፣ ማለትም እስከ 770 ድረስ ሜዳው ላይ ነው፤ ስምንተኛው፣ 880፣ ቁልቁለቱን ጀምሯል። እስከ 110 ድረስ ብታወርዱት ደግሞ ከዋናው ድምፅ በቀር ብዙም አይቀራችሁም።

(ድምፅ፦ ያው ሞገድ፤ ካትኦፉ ከ20,000 ወደ 110 ኸርዝ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 15 ሰከንድ።)

ባና ሲለብስ ሰማችሁት? የመንዝን ባና፣ ያንን ከባድ የሱፍ ልብስ፣ አንድ ሬዲዮ ላይ ብትከምሩበት የምታገኙት ድምፅ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሱፍ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙ ግን ያመልጠዋል። አየሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ጥምቀት በሚከበርበት ቀን ከአንኮበር ተረተር ማዶ ሆናችሁ አዳምጡ። የሚደርሳችሁ የከበሮው ድም ድም ነው፤ ጸናጽሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

እዚህ ላይ «ካትኦፍ» የሚለው ስም ትንሽ ያሳስታል፤ በመቀስ የተቆረጠ ያስመስለዋል። የተቆረጠ ነገር የለም፤ ቁልቁለት ነው ያለው። የቁልቁለቱን ልክ ሶፍትዌሩ 12 ወይም 24 ብሎ ያስመርጣችኋል። 12 ማለት ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር፣ በሙዚቃ ቋንቋ አንድ ኦክቴቭ በወጣ ቁጥር፣ ድምፁ በ12 ዴሲቤል ይወርዳል ማለት ነው፤ የሞገዱ ቁመት ወደ ሩብ ይወርዳል። 24 ከሆነ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። 12 አህያ የምትወርደው ቁልቁለት ነው፤ 24 ዝንጀሮ የሚወርደው።

ይህን ባለ 24 ቁልቁለት በሲንተሳይዘር ዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ ነው። ትራንዚስተሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንዱን በአንዱ ላይ ደረደራቸው፤ ሥዕሉ መሰላል ስለመሰለ ማጣሪያው በእንግሊዝኛው «ላደር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ በቀጣዩ ዓመት ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ሶፍትዌር ውስጥ ያ ሽቦና ብረት በቁጥር ስሌት ተተክቷል። ቫይታል የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ብትከፍቱ ከማጣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ላደር» የሚል ታገኛላችሁ፤ ያው መሰላል ነው።

ሁለተኛው ማዞሪያ ሬዞናንስ ይባላል። ወደ አንኮበር እንመለስ። ገደሉ ከመጀመሩ በፊት መሬቱ ቀና ብሎ ኮረብታ ይሠራል፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ጉብታ አስቡት። ሬዞናንስን ስትጨምሩ ልክ ገደሉ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ጉብታ ይበቅላል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ድግግሞሽ ከሌላው በላይ ይጎላል። ሬዞናንሱን ከፍ አድርጋችሁ ካትኦፉን በዝግታ ብታንቀሳቅሱት ጉብታው ብዜቶቹን አንድ በአንድ እየረገጠ ያልፋል፤ ቅድም ጆሮ ጠቅልሎ አንድ ያደረጋቸው ይለያያሉ።

(ድምፅ፦ 110 ኸርዝ፣ ሬዞናንስ ከፍ ብሎ፤ ካትኦፉ ቀስ እያለ ይወጣል፤ 20 ሰከንድ።)

ከወፍራሙ ድምፅ በላይ የፉጨት መሰላል የሚወጣ ይመስላል። ሁሉም ከመጀመሪያው እዚያው ነበሩ።

ሬዞናንሱን እስከ መጨረሻው ብትገፉት በብዙ ማጣሪያዎች ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ ምንም ድምፅ ሳይገባበት ማጣሪያው ራሱ ማፏጨት ይጀምራል። ይህን የምናገረው ከልምድ ነው። ጀማሪ ሳለሁ በተውሶ ስፒከር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሬዞናንሱን ሳላይ እስከ ጥጉ አዞርኩት። የወጣው ፉጨት ሰዉን ሁሉ ጆሮውን አስያዘ፤ የስፒከሩ ትንሹ ድምፅ ማጉያ በዚያው ቀረ። ስፒከሩን ያዋሰኝ ሰው ለብዙ ጊዜ ሰላም ሲለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ስለዚህ አደራ፣ ሬዞናንስ ከመጨመራችሁ በፊት ዋናውን ድምፅ ቀንሱ፤ የጆሮ ማዳመጫ ያደረጋችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

እስከ አሁን ኮምፒውተር የሌለው አድማጭ «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ ይሆናል። አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ማጣሪያ አፋችሁ ነው። አብረን እንሞክር። ድምፅ ሳታወጡ፣ በሹክሹክታ ብቻ፣ እያስረዘማችሁ እንዲህ በሉ፦ ኡ… ኦ… አ… ኤ… ኢ። አንድ ጊዜ እንደገና፣ ሳታቋርጡ፣ አንዱን ወደ ሌላው እያሻገራችሁ።

(የ10 ሰከንድ ዝምታ፤ ከዚያ አቅራቢው በሹክሹክታ፦ ኡ… ኦ… አ… ኤ… ኢ።)

በሹክሹክታው ውስጥ አንድ ነገር ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ሰማችሁት? ትንፋሹ ያው ትንፋሽ ነው። ምላሳችሁና ከንፈራችሁ አፋችሁ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ቅርጽ ስለቀየሩት ነው፤ ልክ ውሃው ጀሪካኑን እንዳጠበበው። የፊደል ገበታችን ይህን ሲያስተምረን ኖሯል። በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ ስንል የምንጀምርበት ድምፅ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የአፍ ማጣሪያው ነው። ካዕቡ ጠቆር ያለ፣ ሣልሱ ብሩህ። የኔታ ካትኦፍ የሚባል ቃል ሳይሰሙ ካትኦፍ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

በእርግጥ አፍ አንድ ጉብታ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሁለት ሦስት አለው፤ ቅድም ሲወጣ የሰማችሁት ከነሱ አንዱን ነው። ስለዚህ አንድ ሎ ፓስ ብቻውን «አ»ን ከ«ኤ» ለይቶ አይናገርም። ቫይታል ውስጥ ግን «ፎርማንት» የሚባል ማጣሪያ አለ፤ ብዙ ጉብታዎችን ባንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ የመጋዝ ጥርሱን አፍ ያወጣለታል።

ደብረ ብርሃንን ካነሣን አንድ ሰው ሳናነሣ አናልፍም። አንጋፋው የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት እዚያው ነው፤ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ ኖረው በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሻገር እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው «ሸሞንሟናዬ»ን ሠሩ፤ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርዳቸው ከመኪናው ኋላ ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማቸው፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ብቻ አይደለም። «ሸሞንሟናዬ»ን ስታዳምጡ አኮርዲዮኑን ልብ በሉት። የአኮርዲዮን ምላሶች በብዜት የታጨቁ ናቸው፤ ለመጋዝ ጥርሳችን የቅርብ ዘመድ ነው። ከጎኑ ያሉት የኤሌክትሪክ ድምፆች ለስላሳና ጠቆር ያሉ ናቸው። አንዱ ካዕብ ሲል ሌላው ሣልስ ይላል፤ በጥቂት መሣሪያ የተሠራው ሙዚቃ የማይጨናነቀው አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይሻማ ይመስለኛል። ማጣሪያ በእጃችሁ ካለ ይህን ቦታ ራሳችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ድምፃዊቷ ስትዘፍን ከኋላ ያለው ኪቦርድ ካትኦፉ ትንሽ ይውረድ፤ ቃሏ ይሰማል። እሷ ስታርፍ ይከፈት።

ሃይ ፓስ ስለሚባለው ግልባጩ ማጣሪያ ብዙ አልልም፤ ወፍራሙን ያስቀራል፣ ቀጭኑን ያሳልፋል፤ ገደሉ በግራ በኩል ነው። ግን አንኮበር ላይ ሽለላ ወይም ቀረርቶ በስልክ የቀዳ ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል። እዚያ ነፋሱ አያርፍም፤ ማይክሮፎኑ ላይ ሲመታ የሚያወጣው ጉርምርምታ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ቅጂውን ከፍታችሁ ሃይ ፓሱን 100 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት፤ ሸላዩ ከነፋሱ ውስጥ ይወጣል። ነፋሱ በጣም በርትቶ ቅጂውን ካሰነጣጠቀው ግን ማጣሪያ አይመልሰውም፤ ቀድሞ መከላከል ነው። የፊልም ሰዎች ማይክሮፎናቸውን ጸጉራም ጃኬት ሲያለብሱት አይታችሁ ይሆናል። የበግ አገር ሰው ለዚህ ዕቃ ከውጭ ማዘዝ የለበትም።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እንቅስቃሴ። ባለበት የቆመ ማጣሪያ ቶሎ ይሰለቻል። ክራርን ተመልከቱ፦ ክሩ በተመታበት ቅጽበት ድምፁ ብሩህ ነው፤ ወዲያው ቀጫጭኖቹ ብዜቶች ቀድመው ይሞታሉ፣ ወፍራሞቹ ይቆያሉ። ካትኦፉ በራሱ ጊዜ ይወርዳል እንደ ማለት ነው። ይህን በሶፍትዌር ለመሥራት ኢንቨሎፕ የሚባለውን ክፍል ከካትኦፉ ጋር አገናኙት። አታክ ዜሮ፣ ዲኬይ ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ አካባቢ፣ ሰስቴን ዝቅ ያለ። የመጋዝ ጥርሱ ንብ መሆኑ ቀርቶ የሚመታ ክር ይሆናል። በትዝታ አምስት ኖታዎች፣ ዶ ሬ ሚ ሶ ላ፣ ሞክሩት። ላይኞቹ ኖታዎች ከታችኞቹ ይልቅ ከደበዘዙባችሁ ኪ ትራክ የሚለውን ከፍ አድርጉ፤ ኖታው ሲወጣ ገደሉንም አብሮ ወደ ቀኝ ይገፋዋል።

አሁን የቤት ሥራ። ኮምፒውተር ላላችሁ ቫይታልን ወይም ሰርጅ ኤክስ ቲን አውርዱ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ሞገድ አትምረጡ፤ «ኖይዝ» የሚለውን ክፈቱ፤ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ የሚያሰማው ያ «ሽሽሽ» ነው። ማጣሪያውን ባንድ ፓስ አድርጉት፤ ይህ ግራ ቀኙ ገደል የሆነ፣ መሐሉን ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሬዞናንሱን ከግማሽ በላይ አውጡት፤ ድምፁን መቀነሳችሁን አትርሱ። ካትኦፉን ከ200 ኸርዝ ጀምሩና በሃያ ሰከንድ ውስጥ ወደ 1,500 ውሰዱት፤ መጀመሪያ በጣም በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ ፈጠን እያላችሁ። በስልክ ስፒከር የምታዳምጡ መጀመሪያውን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን አያወጣም፤ እሱም ራሱ ማጣሪያ ነው።

(ድምፅ፦ ከላይ በተገለጸው መንገድ የተሠራ፤ 20 ሰከንድ።)

ይህን ስትሠሩ ለማንም አትንገሩ። የክፍሉን በር ክፍት ተዉትና ድምፁን በስፒከር ልቀቁት። ከጓዳ እናታችሁ «ኧረ ውሃው ሞላ፣ ቧንቧውን ዝጉት!» ካሉ፣ ተሳክቶላችኋል።